ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ተዛውሬ ሩጫው ከበደኝ፤ እናንተ አዲስ አገር እንዴት ለመዳችሁት?

ብርድ ያሳደጋት

ሰላም ለሁላችሁ። ስታወሩ ከዳር ሆኜ ሳነብ ከርሜ ዛሬ ገና መጻፌ ነው፤ ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ።

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። በሒሳብ ሠራተኛነት ነው የምተዳደረው፤ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ማታ 11፡30 ወንበር ላይ ነኝ። ክለብ የለኝም፣ ማናጀር የለኝም። ተማሪ ሳለሁ ለትምህርት ቤቴ 3000 ሜትር እሮጥ ነበር፤ ክለብ የሚያስገባ ሰዓት ግን አልመጣልኝም። ጓደኞቼ ሲተዉ እኔ መተው አቃተኝ። አሁን 28 ዓመቴ ነው። በሳምንት አምስት ቀን እሮጣለሁ፣ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር በተገኘ ቁጥር ከኪሴ ከፍዬ እመዘገባለሁ። «ምን ልታገኚበት ነው?» ይሉኛል። ስሮጥ ይዞኝ ያደረ ሐሳብ ይቀለኛል፣ ሳልሮጥ የዋልኩ ቀን ከሰው ጋር እጣላለሁ። ሌላ መልስ የለኝም።

ባለፈው ጥር በሥራ ዝውውር ወደ ባሕር ዳር መጣሁ። የሰማ ሁሉ «በቃ፣ ልትበሪ ነው!» አለኝ። ነገሩ ይገባኛል። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ነው፣ ባሕር ዳር 1,800። ዝቅ ሲሉ አየሩ ይወፍራል፣ ትንፋሽ ይቀላል። እኔም አምኜ ነበር። ከጮቄ የሚወርደውን ነፋስ፣ ጠዋት ጠዋት ጣቴ ደንዝዞ የጫማዬን ክር ማሰር የሚያቅተኝን ብርድ ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነው ዕቃዬን የጫንኩት።

የመጀመሪያ ውድድሬ መጋቢት ላይ ነበር። መነሻው ጠዋት 1፡00 ተብሎ፣ የክብር እንግዳ ስንጠብቅ 2፡40 ሆነ። ፀሐይ ላይ ቆመን ነው የጠበቅነው፤ ውኃም አልያዝኩም። የማርቆስ ምርጥ ሰዓቴ 41 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው። «እዚህማ ከ40 በታች እገባለሁ» ብዬ ለእህቴ ደውዬላታለሁ። ሽጉጡ ሲተኮስ በዚያው ልክ ወጣሁ፤ 5 ኪሎ ሜትሩን በ20 ደቂቃ ገደማ አለፍኩት። ሰባተኛው ላይ ብርድ ብርድ አለኝ። በዚያ ፀሐይ የክንዴ ፀጉር ቆሞ ሳየው ደነገጥኩ። ላቤ ደርቋል፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ዘንባባዎች ወደ መሐል የሚገፉኝ መሰለኝ። እግሬን ሂድ ብለው እምቢ አለኝ። ከመንገዱ ዳር ማንጎ የምትሸጥ አንዲት እናት ብድግ ብላ፣ ከቢጫ ጀሪካን ውኃ በጣሳ ቀድታ ከማጅራቴ ጀምራ አፈሰሰችብኝ። «ልጄ፣ ምን አሳደደሽ?» አለችኝ። ከዚያ እየተራመድኩም እየሮጥኩም በ47 ደቂቃ ከ50 ገባሁ። መጨረሻው መስመር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እሱስ ይሁን፣ ሰዓት ይመለሳል። ይበልጥ የከበደኝ ሌላው ነው። ማርቆስ መንገዱ ያውቀኝ ነበር። ንጋት 11፡30 ስወጣ ወደ ኪዳን የሚሄዱት ቄስ «እግዚአብሔር ያበርታሽ» ይሉኛል። የመጋዘኑ ዘበኛ ጅብ ካየ «በዚህ አትሂጂ፣ አሁን ነው ያለፈው» ብሎ ይመልሰኛል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል። እዚህ የሚያውቀኝ የለም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ባጃጅ መብራቱን አጥፍቶ ከኋላዬ ቀስ እያለ ተከተለኝ። ወደ ግራ ስታጠፍ አብሮኝ ታጠፈ። ልቤ ሊወጣ ደርሶ፣ ሰዎች የቆሙበት ዳቦ ቤት ገብቼ ሳልፈልግ ዳቦ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ የተከራየሁበት ቤት አጠገብ ያለችውን ሜዳ ነው የምዞረው። አንድ ዙር 210 እርምጃ ናት። እሷን ስዞር ከሰው የተጣላሁ ይመስለኛል።

ደግሞ የልብሱ ነገር። የአባቴ አገር ቢቸና ነው። አረንጓዴ ቁምጣውን ለብሶ ገበያ ሲወጣ ሰው በኩራት ነው የሚያየው፤ በጎጃም ቁምጣ የጉብዝና ልብስ ነው። ያው ቁምጣ እኔ ላይ ሲሆን ለምን ነውር እንደሚሆን እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም። በዚህ ሙቀት ረጅም ቱታ ለብሼ ነው የምሮጠው።

በሥራም፣ በትዳርም፣ በትምህርትም ከአገራችሁ ወጥታችሁ የምትሮጡ እህቶች ካላችሁ ንገሩኝ። እንዴት ለመዳችሁ? ስንት ጊዜ ፈጀባችሁ?

ጣና ዳር

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ያነበብኩት እንባዬ መጥቶ ነው፤ እዚሁ ተወልጄ አድጌ እኔም ያ ባጃጅ ገጥሞኛል።

የመንገዱን ልንገርሽ። ጨለማ ሳለ ብቻሽን አትውጪ፤ 12፡00 ይበቃሻል። ብስክሌተኛው ወደ ሥራ መውጣት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፤ እኛ አገር ብስክሌት ያለበት መንገድ ሰው ያለበት መንገድ ነው። በጊዮርጊስ በኩል ያለው የሐይቁ ዳር ጥላ አለው፣ የሚራመድም የሚሮጥም ሰው አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ደግሞ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው፤ ርዝመቱ 380 ሜትር ስለሆነ ለፍጥነት ልምምድ ተመላልሼበታለሁ። ጥላ ግን የለውም፣ ፀሐይ ሳይወጣ ጨርሺ። ዳገት ከፈለግሽ ቤዛዊት ኮረብታ አለልሽ፣ አባይን ቁልቁል ታዪዋለሽ። ወደዚያ ብቻሽን አትሂጂ፤ ስትፈልጊ እኔን ጥሪኝ።

ጉም ለብሼ

እኔ የአንቺ ተቃራኒ ነኝ። የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፣ ሙቀት ላይ ያደግሁ። መምህርነት ተመድቤ እንጅባራ ስገባ ሐምሌ ነበር። ሦስት ሳምንት ፀሐይ አላየሁም። ዝናቡ ቆመ ሲሉ ጉሙ ይወርዳል፣ ጉሙ ተነሣ ሲሉ ዝናቡ ይጀምራል። ጫማዬ ደርቆ አያውቅም ነበር፤ ማታ ማታ ከምድጃው አጠገብ ሳደርቀው ማስቲሹ ቀልጦ ሶሉ ተላቀቀብኝ። ያለኝ እሱ ብቻ ነበር፤ ከሰልባጅ የመረጥኩት። ሊስትሮው በጅማት ሰፍቶልኝ ሌላ አንድ ዓመት ሮጥኩበት።

የጻፍሽውን ሳነብ ግን ያቆመኝ «መንገዱ ያውቀኝ ነበር» ያልሽው ነው። እውነትሽን ነው። የእኔም ጣጣ እሱ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ስሮጥ እንጨት የተሸከሙ ሁለት እናቶች ሸክማቸውን ጣሉና «ምነው? ማን ሞተ?» ብለው ተከተሉኝ። ለካ በገጠር ሴት የምትሮጠው መርዶ ስትሰማ ወይ ልጅ ሲታመምባት ነው። «ኧረ ምንም የለም፣ ስፖርት ነው» ብላቸው ተናደዱብኝ፤ በከንቱ ደንግጠዋላ። በማግስቱም ሌላ ሰው እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ቤት ቀረሁ።

ያከራዩኝ እትዬ የዕድር ሰው ናቸው። ነገሩን ቡና ላይ ብነግራቸው ምን አሉኝ መሰለሽ፦ «መንገዱን መጀመሪያ በእግርሽ ሂጂበት እንጂ። ሰው ሳያውቅሽ ትሮጫለሽ?» አሉኝ። በሳምንቱ አንድም ቀን አልሮጥኩም። ልሮጥበት ባሰብኩት ሰዓት፣ ልሮጥበት ባሰብኩት መንገድ፣ ያንኑ ቱታ ለብሼ ተራመድኩ። ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም አልኩ፣ ቆሜ፣ እጅ ነሥቼ። «መምህርት ነኝ፤ ከእነ እትዬ ቤት ነው ያለሁት፤ ከሰኞ ጀምሮ እሮጣለሁ» አልኩ። የአገውኛ ሰላምታም ተማርኩ፤ አነጋገሬ ቢያስቃቸውም ስሜን የያዙት ያኔ ነው። ሰኞ ስሮጥ «ምን ሆነሽ?» ያለኝ የለም። «ዛሬ ዘገየሽ» ነው ያሉኝ።

አሁን ጥር 23 የፈረስ በዓሉ ሲደርስ ጎረምሶቹ ፈረስ ሲያለማምዱ ያገኙኛል፤ «ነይ እንወዳደር» ይሉኛል፣ ዳገቷ ድረስ አብረውኝ ይጋልባሉ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ያቺ ያልሮጥኩባት ሳምንት ግን ከሁሉም በልጣ ጠቅማኛለች።

አያ ደጀን

ወንድም ነኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ልግባ። እህቴ ትሮጣለች። እኔ ሁልጊዜ በብስክሌት ከኋላዋ እሄዳለሁ፤ ማንም ቀና ብሎ አያያትም። ወንድም ወይም የሥራ ባልደረባ ካለሽ እንደዚያ ብታደርጊስ?

ብርድ ያሳደጋት

አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህትህ ታድላለች። እኔ ግን ወንድሜ ማርቆስ ነው ያለው። ደግሞ በግልጽ ልንገርህ፦ በቀን ውስጥ ብቻዬን የምሆንባት ሰዓት እሷ ብቻ ናት። ጠባቂ ይዤ ከሮጥኩ ያው ቢሮ ነው የሚሆንብኝ። ጉም ለብሼ ያለችኝን ግን ዛሬ ማታውኑ እጀምራለሁ፤ እንዴት ሳይታየኝ ቀረ?

አያ ደጀን

ገባኝ። እህቴንም እጠይቃታለሁ፤ እስካሁን ፈልጋው ይሁን አይሁን ጠይቄያት አላውቅም።

ነጭ ጋዋን

ሰላም እህቶች። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፣ ዳንግላ አቅራቢያ። እኔ እንኳ ሯጭ አይደለሁም፤ ግን ከታዳጊ ሯጮች ማሠልጠኛ ፕሮጀክትም ከክለብም እየተመላለሱ የሚመጡ ልጆችን አያለሁ፤ ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ውድድሩ መጋቢት ላይ ነበር አልሽ። ሁዳዴን ጾመሽ ነበር? የወር አበባሽስ በጊዜው ይመጣል?

ብርድ ያሳደጋት

አዎ፣ ጾሜ ነበር፤ እስከ 9 ሰዓት። በዋዜማው የበላሁት ሽሮ ነበር። ሁለተኛውን እዚህ ለመጻፍ አፍሬ ነበር፤ ከመጣሁ ወዲህ ሁለት ወር ቀርቷል። ድካም ነው ብዬ ተውኩት።

ነጭ ጋዋን

አትፈሪ፣ እዚህ የሚያፍር ሰው የለም። ከሁሉ በፊት እርግዝና አለመሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ሁላችንም የምንጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሯጭ ሴት የወር አበባዋ ሲቀር «ጎበዝ ሠርቻለሁ» የምትለው ነገር አይደለም። ገላሽ የምታበዪው ምግብ ለሩጫውም ለራሱም አልበቃው ሲል መጀመሪያ የሚዘጋው እሱን ነው። ሦስት ወር ከሞላው ሳይዘገይ ሐኪም ማየት አለብሽ። ዝም ከተባለ አጥንት ይሳሳል፤ ያለ ምንም አደጋ እግሯ ላይ አጥንቷ ተሰንጥቆ የመጣች የ19 ዓመት ልጅ አይቻለሁ። ታሪኳን ስትነግረኝ ወር አበባዋን ካየች ከዓመት በላይ ሆኗት ነበር። አሰልጣኟ ወንድ ነው፣ አልነገረችውም። እናቷም አልጠየቀቻትም።

ሌላው ደም ነው። ስትመረመሪ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው) ብቻ ታይቶ «ደህና ነሽ» ብትባዪ አትመለሺ። ፈሪቲን የሚባል ምርመራ አለ፣ በገላሽ የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ። ብዙ ሐኪሞች ከ30 በታች ሲሆን ክምችቱ ተሟጧል ይላሉ፤ ሄሞግሎቢኑ ገና ሳይወርድ እግር ይከብዳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ባሕር ዳር ግን ካሉት ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ጠይቂ።

«እኛ ጤፍ በል ነን፣ ብረት አይጎድለንም» የሚለውን አትመኚ። ጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ገሚሱ ከአውድማው አፈር የመጣ ነው፣ ገላ እንደ ልብ አይወስደውም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይሻላል፤ እርሾው ብረቱን የሚይዘውን ነገር ይሰብረዋል። ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን ስትበዪ ሎሚ ወይም ቲማቲም አብረሽ ብዪ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አታድርጊ፣ አንድ ሁለት ሰዓት አቆዪው። ይቺ ለጎጃም ሰው እንደምትከብድ አውቃለሁ። ሳትመረመሪ ግን የብረት እንክብል ገዝተሽ እንዳትውጪ።

ጾሙን አፍርሺ አልልሽም፣ ያ የእኔ ቦታ አይደለም። የንስሐ አባትሽን አማክሪ። መጾሙን ከመረጥሽ ግን በሁዳዴ ውድድር አትግቢ፤ ቀለል ያለ ልምምድ አድርጊ፣ ጾሙ ሲፈታ ቶሎ ብዪ፣ በሶ፣ ተልባ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ለውዝ አብዢ።

የፕሮጀክት ልጅ ነበርኩ

ነጭ ጋዋን፣ እጅሽን ልሳመው። የዛሬ አሥር ዓመት እንዲህ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ!

እኔ 800 ሜትር ነበርኩ። ፕሮጀክት ገብቼ በ17 ዓመቴ ለክልል ውድድር ተመረጥኩ። በ19 ዓመቴ ቅልጥሜ ላይ ሕመም ጀመረኝ። «ታገሺ» ተባልኩ፣ ታገሥኩ፣ በመጨረሻ መራመድ አቃተኝ። በቀጣዩ ዓመት ስሜ ከዝርዝሩ ወጣ፤ የነገረኝ ሰው እንኳ የለም፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳጣው ነው ያወቅሁት። የተሰጠኝን ቱታ መልሺ አሉኝ፤ አጥቤ፣ አጣጥፌ መለስኩ። ከዚያ ቡሬ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ የሩጫ ስርጭት በቴሌቪዥን ሲመጣ ወደ ጓዳ እገባ ነበር።

የመለሰችኝ ልጄ ናት። አምስት ዓመት ሲሞላት «እማ፣ ሩጪና ያዢኝ» አለችኝና ሜዳ ላይ ሮጥኩ፤ ደረቴ ተከፈተ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እወጣለሁ። እርሻ ላይ ያሉ ሰዎች «የእገሊት እናት፣ በርቺ» ይሉኛል። ልጅነቴን የሚያውቅ የለም፤ ለእነሱ እናት ሆኜ ነው ሯጭ የሆንኩት።

ደራርቱ ቱሉን አስቡ። በ1992 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባርሴሎና ላይ ወርቅ አመጣች፣ ወለደች፣ በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው በ10,000 ሜትር ደገመችው። ትዕግሥት አሰፋ ደግሞ እንደ እኔ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክም በ800 ነው የተሰለፈችው። በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ ድምፄ እስኪጠፋ ጮህኩ። እኔ እነሱን አልሆንም፣ አውቀዋለሁ። ግን «አልፎብሻል» የሚለኝን ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ አልሰማውም።

ብርድ ያሳደጋት፣ አማተር መሆንሽ ስምሽን ማንም ከምንም ዝርዝር ሊያወጣው የማይችል መሆኑ ነው። እሱን አትናቂው።

መም ላይ ያረጀሁ

ልጆቼ፣ ብዙ ዓመት ያሰለጠንኩ ሰው ነኝ። ስለ ወር አበባ የተጻፈውን አነበብኩ። እኛ አሰልጣኞች ሳንጠይቅ የኖርነው ነገር ነው። ሳስበው የማዝንባቸው ልጆች አሉ። በዚህ ላይ ሌላ ቃል የለኝም።

ስለ ሙቀቱ ላስረዳሽ። «ዝቅ ስትዪ ትበሪያለሽ» ያሉሽ ግማሹን ነው የነገሩሽ። አየሩ ወፍሯል፣ እውነት ነው። ሲሞቅሽ ግን ልብሽ ደሙን ለሁለት ታካፍለዋለች፤ አንዱን ለእግርሽ፣ አንዱን ገላሽን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳሽ። በዚያ ላይ በላብ ውኃና ጨው ይወጣል። ከከፍታው ያገኘሽውን ሙቀቱ ከነወለዱ ወሰደው።

አንቺ ደግሞ ከጥር እስከ መጋቢት የሮጥሽው በንጋት ቀዝቃዛ ነው። አገሩን ለምደሻል፣ ፀሐዩን ግን ገላሽ አልተዋወቀውም። ውድድሩ 2፡40 ላይ ሲሆን እንግዳ ሆንሽበት። ገላ ሙቀት የሚለምደው በ10 እስከ 14 ቀን ነው፣ ያውም በየቀኑ ሲያገኘው። ላቡ ቶሎ ይመጣል፣ በላቡ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ የልብ ምቱም ይረጋል። ውድድር ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ፣ ቢሮ በማትገቢበት ቀን 3 ሰዓት ላይ፣ በሌላው ቀን ማታ 11፡30 ከቢሮ ስትወጪ፣ በ20 ደቂቃ ቀላል ሶምሶማ ጀምሪ፤ ቀስ እያልሽ ወደ 50 ደቂቃ አድርሺው። ሰዓት አትያዢ። ቃል ሳይቆራረጥብሽ ማውራት የምትችዪበት ፍጥነት ይሁን።

በውድድር ቀን የመጀመሪያዎቹን 3 ኪሎ ሜትሮች ከማርቆስሽ በኪሎ ሜትር 15 ሰከንድ ዘግይተሽ ውጪ። ሰው ያልፍሻል፣ ይለፍሽ። ስምንተኛው ላይ ታገኛቸዋለሽ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። በፀሐይ ላይ ብርድ ብርድ ሲልሽና ላብሽ ሲደርቅ ቁሚ። ጨርሼ እገባለሁ አትበዪ። ያቺ ማንጎ ሻጭ ባትኖር ኖሮ ይህን ላትጽፊ ትችዪ ነበር።

ብርድ ያሳደጋት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻውን አንብቤ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ያሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ።

ጣና ዳር

ሰባት ሳምንት ሆነ፣ የት ጠፋሽ? ሐሳብ ላይ ጣልሽን እኮ።

ብርድ ያሳደጋት

አለሁ! ይቅርታ፣ የበጀት መዝጊያ ሰሞን ስለሆነ ቢሮ ውዬ ቢሮ ላድር ነው።

ከየት ልጀምር። ተመርምሬያለሁ። እርግዝና አይደለም፤ ፈሪቲኔ 11 ነው። ሐኪሟ ወረቀቱን እያየች «በዚህ ነው 10 ኪሎ ሜትር የሮጥሽው?» አለችኝ። መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ ቡናዬን ከምሳ ወደ 10 ሰዓት አዛውሬያለሁ። የቢሮ ሰዎች መጀመሪያ የተኳረፍኩ መስሏቸው ነበር። ወር አበባዬ ባለፈው ሳምንት መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ የእግር ጉዞው። ጉም ለብሼ እንዳለችኝ አንድ ሳምንት ሙሉ 12፡00 ላይ በሐይቁ ዳር ተራመድኩ። የመጀመሪያው ቀን ሰላም ለማለት አፌ ተሳስሮ ነበር፤ ከተማ ነው፣ ሰው ሁሉ ይቸኩላል። በሦስተኛው ቀን ብስክሌት የሚጠግኑ ሽማግሌ «ሥራ ፈላጊ ነሽ?» አሉኝ። ሯጭ ነኝ፣ ከማርቆስ ነው የመጣሁት አልኳቸው። የዱሮ ስሟን ጠርተው «መንቆረር!» አሉና ወታደር ሳሉ እዚያ እንደነበሩ አጫወቱኝ። አሁን ሳልፍ መፍቻቸውን ወደ ላይ ያነሡልኛል። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ ያቺን ማንጎ የምትሸጠዋን እናት አገኘኋት። እሷ አላወቀችኝም። «ውኃ ያፈሰሱብኝ ልጅ ነኝ» ስላት ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ «ወፈር ብለሻል፣ እሰይ» አለችኝ። ጀሪካኗ ያው ቢጫው ነው።

ባለፈው እሑድ ውድድር ነበር። ከማርቆስ ፍጥነቴ ዘግይቼ ወጣሁ። እስከ አራተኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ሕፃናት ሳይቀሩ አለፉኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ጋሼ ያሉኝን ያዝኩ። ስምንተኛው ላይ ያለፉኝን ሴቶች አንድ በአንድ አገኘኋቸው፤ አንዷ እንደ እኔ የዚያን ጊዜ ፊቷ ጠቁሮ ክንዷን ታሻሻለች። አብሬያት ቆምኩ፣ ጥላ አስያዝኳት፣ የያዝኳትን ውኃ ሰጠኋት። ሰው ሲመጣላት ቀጠልኩ። 44 ደቂቃ ከ35። ከማርቆስ ሰዓቴ ሦስት ደቂቃ ከምናምን ይዘገያል፤ ግን ሰባተኛውን ኪሎ ሜትር እግሬ እየታዘዘልኝ ነው ያለፍኩት።

ቁምጣም ለብሼ ነው የሮጥኩት፣ እስከ ጉልበት የምትደርስ። ማታ ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ «ጉልበትሽን አይዝሽም?» አለኝ። አይዘኝም አልኩት። «እንግዲያው ጥሩ ነው» አለኝና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።

ጉም ለብሼ

ይህን ለእትዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «መንቆረር» ያሉትን ሽማግሌ በጣም ወደዷቸው። ያቺ የቆምሽላት ልጅስ?

ብርድ ያሳደጋት

ከደብረ ታቦር የመጣች የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተማሪ ናት። ስልኬን ወስዳለች። እሷም ብቻዋን ነው የምትሮጠው።

ጣና ዳር

እንግዲያው ቅዳሜ 12፡00 ላይ ድልድዩ ጫፍ እንገናኝ፣ ከተማው በኩል ያለው። ይዘሻት ነይ። ውኃ እኔ እይዛለሁ። መጀመሪያ ቀስ ብለን ድልድዩን ሁለቴ፣ ከዚያ ቤዛዊት ዳገቷን።

የፕሮጀክት ልጅ ነበርኩ

ምነው ቡሬ ቅርብ በሆነች።

ጉም ለብሼ

እኔ ግን እመጣለሁ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ዓርብ ማታ እገባለሁ፤ ቡሬንም በሌላ ቀን እናመጣታለን። ማደሪያ ብቻ ስጡኝ።

ብርድ ያሳደጋት

ፍራሽ አለኝ። ሹራብሽን እዚያው ተዪውና ነይ፣ እዚህ አያስፈልግሽም።